ቅጠሉ መቼ ይሙት?

የማሽላ ቅጠል ሲደርቅ እርጅና እንዲሁ የመጣበት ይመስለናል። አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ነው የሚያስረጀው። ጂኖች ይቀሰቀሳሉ፣ ክሎሮፊሉ ይፈርሳል፣ ቅጠሉ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅን ተለቅሞ ወደ ዛላው ይሄዳል። ሥራውን የጨረሰ ፕሮግራም የያዘውን ማሞሪ እንደሚለቀው ማለት ነው። (ማሽላው ከብዙዎቻችን ኮድ በተሻለ ንጽሕና ይሠራዋል።)

ችግሩ ድርቅ ሲመጣ ነው። በስማዳና በጋይንት ቆላ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ቅጠሉ ፍሬው ሳይሞላ ይሞታል። ታዲያ እርጅናውን የሚያዘገይ ማሽላ ቢገኝስ? ተገኝቷል፤ ያውም ከዚሁ ከኢትዮጵያ። የዓለም ዘር አዳቃዮች በድርቅ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ የሚፈልጉት ቢ 35 የተወለደው ከኢትዮጵያ የገበሬ ማሽላ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ተሻሽሎ፣ ጠባዩን የሚወስኑት አራት የጂን አካባቢዎች ኤስቲጂ 1 እስከ 4 ተባሉ።

እኔን የያዘኝ ግን "እንዴት?" የሚለው ነው። አላረጅም የሚል ተክል ስግብግብ መሆን ያለበት ይመስላል። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠሩት ጥናቶች ያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው፦ ከሥሩ የሚያወጣው ተጨማሪ ቡቃያ ጥቂት ነው፣ የላይኛው ቅጠሎቹ አነስ ይላሉ። ከማበቡ በፊት ውሃ ስለሚቆጥብ፣ ፍሬ በሚሞላበት ሰዓት አፈሩ ውስጥ የሚጠጣው ይተርፈዋል። ወጣትነቱ የመጣው በወጣትነቱ ስላልተንዛዛ ነው።

አረንጓዴነት ብቻውን ምንም ነው። ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር አተር አለ። ጂኑ በ2007 ሲታወቅ፣ ነገሩ ክሎሮፊል የማፍረሱ ሥራ መበላሸቱ እንደሆነ ታየ። ቀለሙ አለ፣ ሥራው የለም። ከሩቅ ሁለቱም ያላረጁ ይመስላሉ። እኔ ግን ሁለተኛውን ሬሳ ላይ የተቀባ ቀለም ነው የምለው፤ ዕድሜ ማራዘም ሲወራም መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን አረንጓዴ እንደሆነ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከረ ሰው ከማን እንደተማረ ይታወቃል። ማሽላውስ ከማን ማሳ ነው የመጣው? የማኅበረሰብን መብት የሚጠብቀው አዋጅ 482 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ዘሩ የወጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ። ቢ 35 የተገኘበት የገበሬ ዘር የመዝገብ ስሙ አይ ኤስ 12555 ነው። ቁጥሩ ስለ ዘሪው ምንም አይናገርም።