የመኖሪያ ፈቃዱ የማን ነው?

 

በውጭ ያላችሁ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። ልጁ የተወለደበት አገር ዜጋ ነው፤ እናቱ ወይም አባቱ ግን ወረቀት የላቸውም። «ኡስታዝ፣ በልጃችን ምክንያት እዚህ መኖር መብታችን ነው ወይስ የእነሱ ችሮታ?» ትላላችሁ። የእያንዳንዱን ጉዳይ ዝርዝር ጠበቃ ያየዋል፤ እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። ከዝርዝሩ ሥር ግን ጠበቃ የማይጨርሰው ጥያቄ አለ፦ አንድን ሕፃን «የእኛ ነህ» ስንለው፣ የሚያጎርሰውንና የሚያስተኛውን ሰው ጨምረን ነው ወይስ እሱን ብቻውን?

ታዋቂው ምሳሌ ቤልጂየም ነው። አንድ ኮሎምቢያዊ በ1999 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ጥገኝነት ጠየቀ። ተከለከለ፤ ሆኖም አገሩ ጦርነት ላይ ስለነበረች ወደዚያ እንዳይመለስ ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ ኑርም አልተባለ፣ ሂድም አልተባለ። የሥራ ፈቃድ ሳይኖረው ተቀጥሮ ዓመታት ሠራ፤ ከደመወዙም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይቆረጥ ነበር። በ2003 እና በ2005 ሁለት ልጆች ተወለዱለት። የኮሎምቢያ ሕግ በውጭ የተወለደን ልጅ ወላጁ ካላስመዘገበው ዜጋ ስለማያደርግ፣ ልጆቹ አገር አልባ እንዳይሆኑ የቤልጂየም ሕግ ቤልጂየማዊ አደረጋቸው። አባትየው ሥራውን ሲያጣ የሥራ አጥ ድጎማ ጠየቀ፤ ድሮም በፈቃድ አልሠራህም ተብሎ ተመለሰ። ክርክሩ ሉክሰምበርግ እስካለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ማርች 8 ቀን 2011 ዛሬ «የዛምብራኖ ውሳኔ» የሚባለው ተሰጠ።

ውሳኔው አጭር ነው። ወላጆቹ እንዲወጡ ከተገደዱ ሕፃናቱም አብረው ከኅብረቱ ምድር መውጣታቸው አይቀርም፤ ያኔ ዜግነታቸው ስም ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ አባትየው የመኖሪያ ፈቃድ ይገባዋል። የሥራ ፈቃድም ጭምር፤ ሳይሠራ በምን ያኖራቸዋል? ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው ታታሪ ነው፣ መዋጮውን ከፍሏል ብሎ አይደለም የፈረደለት። ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነበር። የአባትየው መብት ከልጆቹ መብት የተቀዳ ነው።

መድረሳ የተቀመጣችሁ ይህን ስትሰሙ ሐዷና ትዝ ሊላችሁ ይገባል። ዑለሞች የቆየ ክርክር አላቸው፦ ልጅን አቅፎ ማሳደግ የአሳዳጊዋ መብት ነው ወይስ የልጁ? የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የእሷ መብት ከሆነ «ትቼዋለሁ» ማለት ትችላለች፤ ማንም አያስገድዳትም። የልጁ ከሆነ ግን፣ ሌላ አሳዳጊ በሌለ ጊዜ ትገደዳለች። የሁለቱም ድርሻ አለበት ያሉም አሉ። እኔ የልጁ ድርሻ ይበልጣል ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ውስጥ «ቆይ፣ እኔስ?» ብሎ መከራከር የማይችለው እሱ ብቻ ነው። የሉክሰምበርግ ዳኞች ፊቅህ አልቀሩም፤ ግን እዚያው በር ላይ ደርሰዋል። ጫጩቶቿ ተወስደውባት ክንፏን እያርገበገበች ስለመጣችው ወፍ የተዘገበውንም ታውቃላችሁ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲመለሱላት ነው ያዘዙት።

አሜሪካ ሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1868 የጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚያ የተወለደን ልጅ ዜጋ ቢያደርገውም፣ ልጁ ለወላጆቹ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሊባረር የተቃረበ ወላጅ ዳኛ ፊት ከሚያቀርባቸው መከላከያዎች አንዱ፣ ቢያንስ 10 ዓመት እዚያ መኖሩንና መልካም ጠባዩን፣ ከዚያም በዜጋው ልጁ ላይ የሚደርሰው ችግር ከተለመደው እጅግ የከፋ መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሕፃን ከእናቱ ሲለይ የሚያለቅሰው ልቅሶ «የተለመደ» ስለሆነ አይበቃም ማለት ነው። ልጁን አላባረርነውም፣ ይዛው ትሂድ ይባላል። አፉን ገና ያልፈታ ልጅ ከአገሩና ከእናቱ አንዱን ይምረጥ እንደማለት ነው።

ተቃዋሚዎቹን «ጨካኞች» ብለን አንለፋቸው፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። በ2000 አንዲት ቻይናዊት ጠበቃ አማክራ ቤልፋስት ሄዳ ወለደች፤ ያን ጊዜ በአየርላንድ ደሴት የተወለደ ሁሉ የአየርላንድ ዜግነት ያገኝ ነበር። ሐሳቧ በልጇ ዜግነት እንግሊዝ አገር መኖር ነበር። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ኦክቶበር 2004 ላይ ልጅቷም እናቷም መኖር ይችላሉ አለ፤ ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ገንዘብና የጤና መድን ነበረው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ግን የአየርላንድ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ፣ 79 በመቶ ያህሉ ደግፎ፣ ያንን በር ዘግቶታል። ወረፋውን ጠብቆ ዓመታት የቆየ ስደተኛ «እኔ ሞኝ ነኝ እንዴ?» ቢል አልፈርድበትም።

ቢሆንም ሁለት ነገር እንለይ። የእናትየው ኒያ ከጌታዋ ጋር የምትተሳሰብበት የራሷ ጉዳይ ነው፤ ሕፃኗ በእናቷ ኒያ አትጠየቅም። መንግሥት ደግሞ ማን ዜጋዬ ይሁን ብሎ መወሰን ይችላል፤ አየርላንድ ያደረገችው ይህን ነው፤ ባልወደውም ግልጽ ነው። «ዜጋዬ ነህ» ካሉ በኋላ እናቱን ማባረር ግን የሰጡትን መልሶ መንጠቅ ነው። ግማሽ መንገድ የሚሄዱም አሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 እንዲህ ያለች የዜጋ ልጆች እናት መደበኛውን የመንግሥት ድጎማ መከልከሏ ሕጋዊ ነው ብሏል። መኖሩ ተፈቅዶላታል፤ እጇ የሚያየው ግን የአካባቢው አስተዳደር የሚሰጣትን ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ በተለይ ወደ ወንድሞች። መብቱ የልጁ ከሆነ ሰይፉ በሁለት በኩል ይቆርጣል። «ወረቀት ያላት አግብቼ አንድ ልጅ ብወልድ ይሆንልኛል?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ወንድሜ፣ ልጅ አማና ነው፤ እሱን የመኖሪያ ፈቃድህ ማመልከቻ አድርገህ ልትወልደው ነው? ሕጉ ራሱ ይህን ይጠይቃል። ሜይ 10 ቀን 2017 ከኔዘርላንድ በመጣ የእናቶች ጉዳይ ላይ፣ አባትየው ዜጋ ስለሆነ ልጁን ሊያሳድግ ይችላል ማለት ብቻውን እናትን ለማባረር አይበቃም ተብሏል። መታየት ያለበት የልጁ ዕድሜ፣ እድገቱ፣ ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ያለው ቁርኝት፣ መለያየቱም የሚያስከትልበት ጉዳት ነው። በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ሐኪም ቤት የሚያድረው ማን ነው? ልጁን አስመዝግቦ የጠፋ አባት እዚህ ጋ የሚያቀርበው ነገር የለውም።

አገር ቤት ያላችሁም ጉዳዩ የሩቅ አይምሰላችሁ። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 6 እና በዜግነት አዋጅ 378/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ከየመን ወይም ከሶርያ ተሰዶ መጥቶ እህታችንን ያገባ ሰው ልጅ እንግዲህ የእኛው ልጅ ነው። የዚያ ልጅ አባት «ወረቀትህ አልፎበታል፣ ውጣ» ቢባል ሰፈራችን ምን ይላል? መስጂድ አብረን የምንሰግደው ጀመዓስ?