ጋቢውን ያነጠፈው ሰው

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ካለው ገጠር ባንዱ፣ በበርበሬና በበቆሎ የከበረ ገበሬ ነበረ አሉ። ጦም አይገድፍ፣ ማኅበር አያጓድል። ለሚካኤል ጣሪያ ቆርቆሮ የሰጠ እሱ፤ ለታቦቱ ወርቀ ዘቦ ጥላ ያመጣ እሱ።

ጎረቤቱ አንዲት ባልቴት ናት። ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ ክረምት ሲገባ፣ ገበሬው በሬዎቹን ወሰኑን አሻግሮ አረሰ። አንድ ትልም። በዓመቱ ሌላ ትልም። የወሰኑ ድንጋይ ከብዶት መንቀል አልሆነለትም፤ አፈር አልብሶ በቆሎ ዘራበት። መሬት ለኪዎች መጥተው የይዞታ ደብተር ሲሰጡ ድንጋዩን ያየ የለም። ባልቴቷ ለሽማግሌ ተናገረች። ሽማግሌዎቹም የሱን ጠላ ጠጥተው «ምስክር አለሽ ወይ?» አሏት። አልነበራትም።

ጥር 12 ቀን፣ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ ነው። አዝመራው ተነሥቷልና ታቦቱ እንደ ወትሮው ማሳውን አቋርጦ ያልፋል። ከበሮው ይመታል፣ ጎበዙ ሆ ይላል፣ ሴቱ እልል ይላል። ማሳው መካከል ሲደርሱ ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ እግራቸው ቆመ። ካህናቱ ዞረው አሸበሸቡ፤ ታቦቱ ንቅንቅ አላለም።

«ማን ከማን ተቀያይሞ ነው? ምን ፈልጎ ነው?» ይላል ሕዝቡ።

ገበሬው አልጠየቀም። ዓይኑ ከቄሱ እግር ሥር ነው። ቃርሚያ የገቡ ከብቶች አፈሩን በኮቴያቸው ገልጠውት፣ ካገዳው ጉቶ መካከል የድንጋዩ አናት ብቅ ብሏል። ገበሬው ቀስ ብሎ ቀረበ። አዲሱን ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ለሁለት አጠፈው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ ላይ አነጠፈው። ዳርና ዳሩን በመዳፉ እየዳበሰ ከመሬቱ ጋር አስተካከለው፤ እብጠቱ እንዳይታይ የበቆሎ ቅጠል ሳይቀር ከሥሩ ጎሰጎሰበት። ከዚያ ግንባሩን ጋቢው ላይ ደፍቶ ቀረ።

«አቤት እምነት!» አለ ሰው። እልልታው ቀለጠ። ባልቴቷም ከሴቶቹ መካከል ሆና እልል አለች።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ታቦቱ ተነሣ።

በዓመቱ ገበሬው ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆመ። «አባቶቼ፣ ታቦቱ በጉቶ በእሾህ ለምን ይንገላታል? በወዲያኛው ተረተር በኩል ሰፊ መንገድ በገንዘቤ ላሠራ» አለ። አሠራም። ግራና ቀኙን ባሕር ዛፍ ተከለበት። ካህናቱ መረቁት። ከዚያ ወዲህ ሚካኤል በዚያ ማሳ አልፎ አያውቅም።

የእግዚአብሔርን ኃይል የሚሸሽ ሰው ስናይ «እምነት ስለሌለው ነው» ማለት ይቀናናል። ይህ ሰው ግን እምነት አልጎደለውም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ታቦቱ ምን እንደፈለገ ያወቀ እሱ ብቻ ነበር፤ የማያምን ቢሆን «ቄሱ ደከማቸው» ብሎ በቆመበት ይጠብቅ ነበር። ቆርቆሮና ጥላ የሚቀበል፣ ድንጋዩን ግን የማይነካ ኃይል ቢሆንለት መንገድ ባላሠራ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያሉት የጌርጌሴኖን ሰዎችም ተአምሩን አልካዱም። በመቃብር እያደረ ሰንሰለት ሲበጥስ የኖረው ሰው ልብሱን ለብሶ፣ ልቡናው ተመልሶለት ተቀምጦ አዩት። የፈሩት ያን ጊዜ ነው። እብዱን ለምደውት ነበር፤ ከሱ የወጡት አጋንንት የገቡባቸው 2,000 የሚያህሉ እሪያዎች ባሕር መግባታቸው ግን ቀጥሎ የማን ንብረት፣ የማን ምሥጢር ይነካ ይሆን የሚያሰኝ ነው። ካገራቸው እንዲሄድላቸው ጌታን ለመኑት፤ ልመናቸው እንደ ገበሬው መንገድ ጨዋ ነው።

ጌታም አልተከራከራቸውም፤ ታንኳ ገባ። የዳነው ሰው ልከተልህ ቢለው ግን አልወሰደውም። ወደ ቤትህ፣ ወደ ዘመዶችህ ሂድና የሆነልህን ንገራቸው ብሎ መካከላቸው ተወው።