ኮራል በመቃኞ

ኮራሎች ሲያድጉ ይጣላሉ። አንዱ የሌላውን ድንበር ሲነካ በሚናደፉ ክሮቹ ይወጋዋል፤ ስለዚህ ባለ 200 ሊትር የመስታወት ገንዳ ሲጠብ ባለቤቱ ባለ 500 ሊትር ፍለጋ ይወጣል። በማዛወሪያው ቀን በባልዲና በቱቦ መካከል አንድ የጥንት ጥያቄ ይነሳል። መስታወቱ አዲስ ነው፣ አሸዋው አዲስ ነው፣ ውሃውም አብዛኛው አዲስ ነው። ታዲያ ተዛወረ የሚባለው ምኑ ነው?

ፕሉታርክ የጻፈው የቴሴዎስ መርከብ እንቆቅልሽም ይኸው ነበር። አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ፣ በምትኩ አዲስ እየገጠሙ አቆዩት፤ ፈላስፎቹም «ያው ነው»፣ «አይደለም» ሲሉ ተከራከሩበት። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ በ1655 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አባሰው፦ የተጣሉትን ሳንቃዎች አንድ ሰው ለቅሞ መልሶ ቢገጥማቸውስ?

ዓሣ አርቢዎች ብዙ ሳይፈላሰፉ መርጠዋል። ለውሃው አይሳሱም፤ በሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው በጥብጠው፣ ወደ 25 ዲግሪ አሙቀው ሌላ ያዘጋጃሉ። አሮጌውን አሸዋም ብዙዎቹ ይጥሉታል፤ የዓመታት ቆሻሻ ስላቆረ ሲታመስ መርዛም ጋዝ ሊለቅ ይችላል። የሚሳሱት ገንዳው ውስጥ ላለው ድንጋይ ነው።

ድንጋዩ በአብዛኛው የጥንት ኮራል አጽም ነው። ሕይወት ያለው በቀዳዳዎቹ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 እ.ኤ.አ. ከእንዲህ ያለ ድንጋይ፣ ከባሕር ውሃ፣ ከብርሃንና ከአየር አረፋ በቀር ብዙ መሣሪያ ሳይጠቀም የባሕር ፍጥረታትን ማኖር እንደሚቻል በጽሑፍ አስተዋውቋል። በዝውውሩ ቀን ድንጋዩ ቢደርቅ ግን ነዋሪዎቹ ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ፤ ሲያጸዳ የነበረው ራሱ የአሞኒያ ምንጭ ይሆናል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ከሆብስ መርከብ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ እስኪሠራ ታቦቱ በጊዜያዊው ቤት፣ በመቃኞ፣ ይቆያል፣ ቅዳሴውም እዚያው ይቀጥላል። አዲሱ ሕንፃ እጥፍ ሰፍቶ፣ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተለውጦ ቢመረቅ እንኳ ደብሩ ያው ደብር ነው። በዝውውሩ ቀን ኮራሎቹ የሚቆዩባቸው፣ ማሞቂያና ፓምፕ የገባላቸው የፕላስቲክ ሳፋዎችም እንደ መቃኞ ናቸው። ምሳሌው ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ታቦት ክብሩን የሚያገኘው በጳጳስ ቡራኬ ነው፤ የገንዳው ድንጋይ ግን ነዋሪዎቹ ሥራ ካቆሙ ተራ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ፈላስፋው ጆን ሎክ ይሻላል። ችግኙና ከእርሱ ያደገው ግዙፍ ዛፍ አንድ የሚሆኑት፣ እንደ ሎክ አባባል፣ የተሠሩበት ቁስ ቢለዋወጥም ሕይወታቸው አንድ ቀጣይ ሕይወት ስለሆነ ነው። ብቻ ሎክ ያሰበው ስለ አንድ ዛፍ ነው፤ የኮራል ሪፍ ደግሞ የብዙዎች ማኅበር ነው። አንዱ ኮራል እንኳ ብቻውን አይደለም፤ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል። በአዲሱ ገንዳ ላይ የተሰቀለው መብራት ከለመደው በላይ ቢበረታበት ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል። ልብ በሉ፦ ኮራሉ ሳይሰበር ደርሷል፣ ውሃው ልክ ነው፣ የጠፋ ድንጋይ የለም። ሁሉም ተዛውሮ ዝውውሩ ከሽፏል፤ የፈረሰው በኮራሉና በአልጌዎቹ መካከል የነበረው ጉርብትና ነውና። ጠንቃቃ አርቢዎች መብራቱን በዝቅተኛ ኃይል ጀምረው በሳምንታት ውስጥ ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

የሆብስ ሁለት መርከቦችስ? ሁለቱም ያው አንዱ መርከብ ናቸው ማለት ለእርሱ የማይሆን ነገር ነበር። ኮራል ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት የለበትም። ተሰብሮ በሙጫ ከሌላ ድንጋይ ጋር የተያያዘ ቅርንጫፍ ያድጋል፤ እናቱም ባለችበት ታድጋለች፤ በዘር ልዩነት የላቸውም። «የትኛው ነው እውነተኛው?» የሚለው ጥያቄ ለእንጨት ያስኬድ ይሆናል፤ እዚህ ግን ቦታውን የሳተ ይመስላል። አሮጌው ገንዳ ጥቂት ድንጋዮችና ውሃ ይዞ ቢቀር አንዱ ሪፍ ሁለት ሆነ እንጂ አንደኛው የሌላው ቅጂ አልሆነም። አርቢዎችም ትንሹን ገንዳ ለጀማሪ ወዳጃቸው ሲሰጡ ከእነዚያ ድንጋዮች አንድ ሁለቱን ይጨምሩለታል፤ ባክቴሪያው አብሮ ስለሚሄድ ዓሣ እስኪገባ የሚጠበቀው ጊዜ ያጥራል።