ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን

ተቆጣጣሪ ይመጣል በተባለ ዕለት በክሊኒኮቻችንና በአረጋውያን መጠለያዎቻችን የሚታየውን ሩጫ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ወለሉ ይታጠባል፤ በሣጥን ተቆልፎ የከረመው አንሶላ ይወጣል፤ መዝገብ ይፈለጋል። ይህን ሁሉ ከአልጋቸው ሆነው የሚመለከቱ አንዲት አረጋዊት እናት፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ማን ሊመጣ ነው?» ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸዋለን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በሕሊና ላይ ይከብዳል። እርሳቸውማ ትናንትም እዚያው አልጋ ላይ ነበሩ።

መዘጋጀት በራሱ ግብዝነት ነው ማለታችን አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ቤትን መጥረግ በአገራችን የአክብሮት ምልክት ነው። ኃጢአቱ የሚጀምረው በሌላ ስፍራ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠበቅ አለበት፤ ልኩም ጧትና ማታ ታይቶ በሰንጠረዥ ላይ ይሰፍራል። ሦስት ሳምንት ባዶውን የቆየ ሰንጠረዥ በአንድ ምሽት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ «5፣ 5፣ 5» እየተባለ ሲሞላ ምን ተደረገ? ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ነገሩን ከቀለሙ ይረዳዋል። ባይረዳውስ? በእነዚያ ሳምንታት መብራት ጠፍቶ ክትባቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እንግዲህ ሐሰቱ የተነገረው ለመንግሥት ብቻ አይደለም፤ ልጇን አቅፋ ወረፋ ለያዘችው እናት ጭምር ነው። በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ሊገላበጥለት የሚገባው የአልጋ ቁራኛም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ተገላብጧል ቢል የጀርባው ቁስል ይመሰክራል።

ይህን የምንጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆነን አይደለም። እኛም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሞልተናል። ያን ጊዜ ያጽናናን አሳብ፣ «ቤቱ ቢዘጋ እነዚህ ድሆች ወዴት ይሄዳሉ?» የሚል ነበር። አሳቡ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ብዙዎቹ በእርግጥ መሄጃ የላቸውም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ፣ በጎ ነገር ይገኝ ዘንድ ክፉን እናድርግ የሚለውን አነጋገር አጥብቆ ይቃወማል። ከዚህም በላይ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው አረጋዊ ብሶቱን ለማን ይናገራል? ተቆጣጣሪው ምናልባት ብቸኛ ጠያቂው ሊሆን ይችላል። እርሱን ስናታልል የአረጋዊውን አፍ እንዘጋለን።

እርግጥ ከሕመምተኛው ይልቅ ፋይሉን የሚመለከት ተቆጣጣሪም አያጋጥምም አንልም። መመሪያው ለገጠር ክሊኒካችን አቅም የማይመጥን ሆኖ ሲገኝ በግልጽ መከራከር መብታችን ነው። ክርክር ሌላ፣ ማታለል ሌላ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ካሚሎስ በሮም በሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ኃላፊ ሳለ፣ ቅጥረኞቹ አገልጋዮች ሕሙማኑን ቸል ሲሉ እያየ አዘነ። ያገኘው መፍትሔ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ብቻ አልነበረም፤ ስለ ፍቅር የሚያገለግሉ ባልንጀሮችን ሰበሰበ። የእርሱን መንገድ ለመከተል የሚወድ ሠራተኛ ዝግጅቱን ከዛሬ ይጀምራል። ያልተለካበት ቀን ባዶ ይቀራል። ዘግይቶ የተጻፈ ማስታወሻ የተጻፈበትን እውነተኛ ቀን ይይዛል። የተሳሳተው ቃል በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበታል እንጂ አይፋቅም። የመርፌ መጣያው ሣጥን ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል። በወር አንድ ቀን ደግሞ ከሌላ ክፍል የመጣች እኅት የተቆጣጣሪውን ቅጽ ይዛ ክፍላችንን ትዙር፤ ያየችውን ጉድለት ስትነግረን አንቆጣ።

አንሶላው ከሣጥን ወጥቶ ይነጠፍ። ተቆጣጣሪው አረጋዊቷን እናት ሊያነጋግር ሲጠጋም ምን እንደሚሉ አስቀድመን ሳናስጠና፣ ወንበር አቅርበንለት እኛ ከክፍሉ እንውጣ።