በሁለት ወረቀት የተጻፈ ዋጋ

እግዚአብሔር አምላካችን አዳምን ከገነት ባስወጣው ጊዜ በፊቱ ወዝ እንጀራውን ይበላ ዘንድ ወስኖበታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሰው ልጅ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለሌላው እየሰጠ ዋጋውን ሲቀበል ይኖራል። ገበሬው በእርሻው፣ ሸማኔው በመወርወሪያው፣ ጸሐፊው በብርዑ፣ ካህኑም በመሠዊያው አገልግሎት ይኖራል። በዘመናችን ደግሞ ኳስ በመጫወት የሚኖር ሰው ተነሥቷል። ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ ስለ ታየ ብዙ ምእመናን ነገሩ ጽድቅ ነው ወይስ ኀጢአት እያሉ ይጠይቃሉ። እኛም ስለዚሁ ጥያቄ ዐቅማችን የፈቀደውን ያህል ለመመለስ ይህን አቅርበናል።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለች፣ የሀገር ልብስ የሚሸጥባትና ሸማኔዎች የሚኖሩባት ሰፈር መሆኗን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእነዚያ ሸማኔዎች አንዱ፣ የንስሓ ልጄ የሆነ፣ ባለፈው ክረምት በጾመ ፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጠበቀኝ። ነገሩን የነገረኝ ከኑዛዜ ውጭ ነው፤ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን እጽፈው ዘንድም ፈቅዶልኛል።

«አባቴ» አለኝ፤ «የበኵር ልጄ ኳስ ተጫዋች መሆኑን ያውቃሉ። አሁን አንድ ክለብ ሊያስፈርመው ጠርቶ ሁለት ወረቀት አቀረበለት። በአንደኛው የተጻፈው ደመወዝ ለተቈጣጣሪዎች የሚታይ ነው። በሁለተኛው ያለው ግን ከዚያ የሚበልጥና በእጅ የሚሰጥ ነው። ልጁ ሁሉም የሚያደርገው እንዲህ ነው ይለኛል። እኔ እግሬን ጕድጓድ ውስጥ ከትቼ ዓመት ሙሉ ሸምኜ የማላገኘውን እርሱ በአንድ ወር ሊያገኝ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ይፈርም ወይስ ይተው?»

ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርሁም። በሦስተኛው ቀን ና ብዬ አሰናበትሁት።

ይህ ሸማኔ የጠየቀው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሀገራችን የእግር ኳስ ውድድር በበጋ ተካሂዶ በክረምት መግቢያ ይፈጸማል። በሐምሌና በነሐሴም ክለቦች አዲስ ተጫዋች ለማስፈረም ይሽቀዳደማሉ። ገበሬው በማሳው እህል ሲዘራ ክለቡም በዚያው ወራት ገንዘቡን ይዘራል ማለት ነው። ክፍያው እጅግ እየናረ በመሄዱ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ይሁን እንጂ ወሰኑ በወረቀት ላይ እያለ ከውል ውጭ በእጅ ይከፈላል የሚል ነቀፌታ በየአደባባዩ ይሰማ ጀመር። ከዚህ በኋላ የፕሪምየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር በበኩሉ አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚከፍለውን ጠቅላላ ገንዘብ የሚወስን መመሪያ አውጥቷል። እንግዲህ ሕግ አልታጣም፤ የታጣው ሕጉን የሚፈራ ልብ ነው።

ቀድሞ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመሠረት፣ ኢትዮጵያም በጥር 1954 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ፣ የክረምት ገበያ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ክለብ ማልያ ተጫውተዋል። ይህን የማነሣው ግን የዛሬውን ወጣት በአባቶቹ ለመክሰስ አይደለም። ለሀገር ክብር ከተጫወቱት መካከል በእርጅናቸው የሚጦራቸው አጥተው የተቸገሩም ነበሩና፣ ሠራተኛን ያለ ዋጋ ማሠራት እንደ ጽድቅ ሊቈጠር አይገባውም። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

አንደኛ፣ ብዙ ዋጋ መቀበል በራሱ ኀጢአት ነውን? አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው አስተምሯል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ሯጩ አክሊል ለማግኘት ሰውነቱን እንደሚገዛ ለቆሮንቶስ ሰዎች ምሳሌ አድርጎ ጽፏል። እርግጥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ399 ዓ.ም.፣ የቍስጥንጥንያ ሕዝብ በዕለተ ስቅለት ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም በመሄዱ በብርቱ ገሥጿል። ይህ ተግሣጽ ዛሬም በሰንበት ከቅዳሴ ይልቅ ጨዋታን ለሚያስቀድም ሁሉ ይደርሰዋል፤ እኛ አሁን የምንመረምረው ግን የተመልካቹን ነገር ሳይሆን የውሉን ነው። ደግሞም የኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመኑ አጭር ነው። ሸማኔው እስከ ሽምግልናው ሲሸምን ተጫዋቹ ገና በጎልማሳነቱ ጉልበቱ ይከዳዋል። ስለዚህ የጥቂት ዓመት ገቢው ለዕድሜው ሁሉ ሊበቃው ያስፈልጋል። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ማከማቸቱ ጥበብ እንጂ ስስት እንዳልተባለ፣ ተጫዋቹም ያገኘውን በልክ ቢይዝ አይነቀፍም።

ሁለተኛ፣ የሚከፈለው ገንዘብ የማን ነው? በአሜሪካ ኳስን በዱላ እየመቱ የሚጫወቱት፣ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። እዚያም ውድድሩ ከተፈጸመ በኋላ በብርዱ ወራት ተጫዋቾችን የማስፈረም ሽሚያ ይደረጋል። በ2017 ዓ.ም. ሁዋን ሶቶ የተባለው ተጫዋች ለኒው ዮርክ ሜትስ ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈርሟል። ቍጥሩን የሰማ ሰው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ይገባል። ነገር ግን የክለቡ ባለቤት የራሱን ሀብት ያፈሰሰ ባለጠጋ ነው። ዋጋው ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው። ከተወሰነው ልክ በላይ የሚያወጣ ክለብም በማኅበሩ ሕግ መሠረት ተጨማሪ ቀረጥ ይከፍላል። ባለጠጋው ስለ ቅንጦቱ ለእግዚአብሔር ይመልሳል እንጂ የሌላውን ኪስ አልነካም።

በእኛ ሀገር ግን ብዙዎቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች የሚደገፉ ናቸው። ሀዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ የሚለው ስማቸው ራሱ ይመሰክራል። የ2016 ዓ.ም. ዋንጫ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበረ፤ የ2017ቱ ደግሞ የኢትዮጵያ መድን። ይህን ስል ከተጠሩት አንዱን መንቀፌ አይደለም። ከተማም ሆነ ድርጅት ለወጣቱ ጨዋታ ገንዘብ ቢመድብ በጎ ነው። ነገር ግን በዚህ ሁኔታ የሚፈርመው ሰው ባለ ገንዘብ ሳይሆን መጋቢ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ጌታው ሒሳብ የጠየቀውን መጋቢ እናስታውስ። የውኃ መሥመር ያልገባለት መንደርና መድኃኒት ያጣ ጤና ጣቢያ በዚያው ከተማ እያሉ፣ መጋቢው ለዋንጫ ፉክክር ከልክ በላይ ቢያፈስስ የሚጠይቀው ጌታ ሕዝቡ ነው፤ ከሕዝቡም በላይ እግዚአብሔር ነው።

ከዚህም ጋር የልክ ነገር አለ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም ድሩን ከማድራቱ በፊት ማጉ ይበቃው እንደ ሆነ ያሰላል፤ ማጉ በመካከል ካለቀበት ጋቢው ጋቢ አይሆንም። በክረምት ብዙ ተጫዋች አስፈርመው በበጋ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ክለቦች ስንት ናቸው! ተጫዋቾች ወራት ሙሉ ሳይከፈላቸው ቀርተው ልምምድ አንሠራም ማለታቸውን ደጋግመን ሰምተናል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ጽፏል። እንግዲህ ሊከፍል የማይችለውን ዋጋ የሚጽፍ ሰው ቸር አይባልም፤ በሰው ተስፋ ይነግዳልና።

ሦስተኛ፣ ሁለት ወረቀትስ ምንድር ነው? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ሕዝቡን በአንድ ከረጢት ውስጥ ታላቅና ታናሽ ሚዛን እንዳይዙ ከልክሏል። ልብ አድርጉ፤ የተከለከለው በታናሹ መሸጥ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን መያዝ ራሱ ነው። ሁለት ሚዛን የያዘ ሰው አንዱን ለገዢ ሌላውን ለሻጭ ያወጣልና። አንዱን ለተቈጣጣሪ ሌላውን ለተጫዋች የሚያወጣ ክለብም ያንኑ ከረጢት ተሸክሟል። በዚህ ውል የሚበደሉት ብዙዎች ናቸው። ሕጉን አክብሮ ያነሰ ዋጋ ያቀረበው ክለብ ተበድሏል፤ ግብሩ የተሸሸገበት ሕዝብም እንዲሁ። በአንድ ወረቀት የፈረመው ባልንጀራ የጓደኛው ዋጋ ሌላ መሆኑን ባወቀ ቀን ልቡ ይሰበራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሐሰት የገባበት ድር ግን እርስ በርሱ ይበጣጠሳል። ከሁሉም ይልቅ የተበደለው ፈራሚው ራሱ ነው። ክለቡ ቃሉን ቢያጥፍበት ያን ሁለተኛ ወረቀት ይዞ በማን ፊት ይቆማል? ዳኛ ፊት ቢያቀርበው መጀመሪያ የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሸማኔው ልጁን ይዞ መጣ። እኔም ከላይ የጻፍሁትን በአጭሩ ነግሬ «ዋጋህ ብዙ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ በአደባባይ ሊነበብ የማይችል ዋጋ አትቀበል» አልሁት። ልጁ ሄዶ ክለቡን አንድ ወረቀት ብቻ እንዲያደርግለት ጠየቀ። ሰዎቹ አሰናበቱት፤ በቦታው ሌላ ተጫዋች አስፈረሙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ብቻውን መጣና «አባቴ፣ ምክርዎ እውነት ነው፤ ነገር ግን እኔን እንጀራዬን አስከፈለኝ፤ እርስዎን ግን ምንም አላስከፈለዎትም» አለኝ።

ይህ ቃል ልቤን ወጋው። ምክንያቱም በዚያው ወር በአጥቢያችን ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ከሌላ ቦታ ለተጋበዘ ስመ ጥር ሰባኪ የተሰጠው ገንዘብ ከፊሉ በደረሰኝ ሲመዘገብ ከፊሉ በፖስታ በእጅ ሲሰጥ አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ሰባኪው ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ሕዝቡ ብዙ ሙዳየ ምጽዋት ይሞላል፤ ስለዚህ አጥቢያዎች ይሻሙበታል። ይህ ከክለቦቹ ሽሚያ በምን ይለያል? በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም ካህናትና ምእመናን አንድ ሆነው የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ በሒሳብ እንዲመግቡ ነው። እኔ ከወጣቱ የጠየቅሁትን ከራሴ ቤት አልጠየቅሁም ነበር። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ነገሩን በግልጽ አነሣሁ። አንዳንዶች አመሰገኑኝ፤ አንዳንዶች ደግሞ እስከ ዛሬ ሰላምታ ነሥተውኛል። ይህም ልጁ ከከፈለው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ስለዚህ ክቡራን ካህናት፣ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፣ በኳስ ሜዳ ያለውን ሁለት ወረቀት ከመንቀፋችን በፊት በየቤታችን፣ በየመሥሪያ ቤታችንና በየአጥቢያችን ያለውን እንመርምር። ቤት የሚሸጥ ሰው ቀረጥ ለማሳነስ የሚያጽፈው የዋጋ ወረቀትም ከዚሁ ወገን ነው። ለክለብ መሪዎችም የምንለው ይህ ነው፤ የምትችሉትን ጻፉ፣ የጻፋችሁትን ክፈሉ፣ የከፈላችሁትን ግለጡ። ሕግ አውጪዎችም የማይጠበቅ ወሰን ማውጣት ሕዝቡን ሐሰት ማለማመድ መሆኑን አውቀው፣ ያወጡትን ያስጠብቁ፤ ወይም ይተውት።

ልጁ ይህን እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ ሌላ ክለብ አላገኘም። በማለዳ ወደ እንጦጦ ዳገት ይሮጣል፤ ከቀትር በኋላ አባቱን ድር በማድራት ይረዳል። እግዚአብሔር የፍርዱን ቀን ያመጣለታል ብዬ አምናለሁ፤ ቀኑ መቼ እንደ ሆነ ግን ልነግረው አልችልም። አባቱን ስለ እንቅልፉ ጠይቄው ነበር። «አሁንስ እተኛለሁ፤ ልጁ ነው የማይተኛው» አለኝ። እናንተም በጸሎታችሁ አስቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።