ደጋግሞ ስለሚበድል ሰው

አንድ ሰው ባልንጀራውን በዱላ መትቶ አካሉን አጐደለ እንበል። ተፈርዶበት ታሰረ፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላው ሌላውን መታ። እንደ ገና ታስሮ ወጣ፤ ሦስተኛውንም መታ። እንዲህ ያለው ሰው በዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «ምሕረት አይገባውም፤ ከእንግዲህ የነጻነት ፀሐይ አይሙቅ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የቀድሞ ዕዳውን ከፍሏል፤ በተከፈለ ዕዳ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከፍትሕ ፍቅር የመነጩ ሊሆኑ ስለሚችሉ አንዱን ሰምቶ ሌላውን መናቅ አይገባም።

አስቀድመን ሁለተኛውን እንመርምር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 23 ማንም ሰው የመጨረሻ ፍርድ ባገኘበት ወንጀል ዳግመኛ እንዳይከሰስና እንዳይቀጣ ያዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ 5 ዓመት ሳይሞላ ቢያንስ 6 ወር ቀላል እስራት የሚያስከትል አዲስ ወንጀል አስቦ የሠራውን ሰው ደጋጋሚ ይለዋል፤ ቅጣቱም እንዲከብድበት ይፈቅዳል። ሁለቱ ሕጎች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። የሚከብደው የዛሬው በደል ቅጣት ነው፤ የትናንቱ አይደለም። ተግሣጽ ያልደረሰው ሰው የሚሠራው ጥፋትና፥ ተግሣጹን በገዛ አካሉ ቀምሶ፥ ራሱንም ይመረምር ዘንድ ጊዜ ተሰጥቶት የነበረ ሰው የሚሠራው ጥፋት፥ በሥራ አንድ ቢሆኑም በሐሳብ አንድ አይደሉምና።

ከዚህም በላይ በዚህ ክርክር ውስጥ ያልተጠራ አንድ ወገን አለ፤ ይኸውም ገና ያልተመታው አራተኛው ሰው ነው። እርሱ አቤት ሊል አይችልም፤ ስሙንም ማንም አያውቀውም። ቅጣትን ማክበድ እውነተኛ ምክንያቱን የሚያገኘው ለዚህ ሰው ባለብን አደራ ነው እንጂ በቍጣችን ብዛት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ ቍጥር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ፥ ቀድሞ በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው ሦስተኛ ከባድ ጥፋት በሠራ ጊዜ፥ ጥፋቱ ግፍ ያለበት ይሁን አይሁን ሳይለይ፥ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈረድበት ያዝዝ ነበር። በዚሁ መሠረት ሦስት የጎልፍ መጫወቻ ዱላ በሰረቀ ሰው ላይ የተሰጠውን እንዲህ ያለ ፍርድ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በ5 ድምፅ በ4 አጸደቀው። በ2012 ግን ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ሕጉን አሻሽሎ፥ ሦስተኛው ጥፋት በጠቅላላው ብርቱ ወይም ግፍ ያለበት እንዲሆን ወሰነ። የሰውን አደገኛነት ሳይመዝን ጥፋቱን ብቻ የሚቈጥር ሕግ ሌባውን ከገዳይ ጋር አንድ ያደርገዋል።

በእኛ አገር ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ተቃራኒው፥ ማለት ጨርሶ አለመቍጠር ነው። ባል ሚስቱን ይመታል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይባላል። ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳይ አቤቱታ የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፥ አቤቱታው ሲቀር መዝገቡም ይቀራል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ያልፋል። ከዕለታት አንድ ቀን አጥንት ተሰብሮ ነገሩ ከፍርድ ቤት ሲደርስ፥ ያ ሰው በመዝገብ የመጀመሪያ አጥፊ ነው፤ የቀድሞ ጠባዩ መልካም ነበር ተብሎም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛ ግን ከወጊው ጋር አብረን የምንረሳ ሆነናል።

ይህን ስል ሽምግልናን መንቀፌ አይደለም። ስንት ደም ያደረቀ፥ ስንት ቤት ከመፍረስ ያዳነ ሥርዓት ነው። ነገር ግን የተመሠረተው የቂምን በር ለመዝጋት እንጂ ለዱላ በር ለመክፈት አይደለም። እኩዮች በአንድ ቀን ጠብ ሲጋጩ ማስታረቅና፥ ደካማይቱን ደጋግሞ ወደሚመታት እጅ መመለስ በስም አንድ ቢሆኑም በግብር የተለያዩ ናቸው።

ስለ ወኅኒ ቤትም አንድ ቃል ልጨምር። በሕጋችን ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ነው፤ እንግዲህ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ካልተፈረደበት በቀር እስረኛው አንድ ቀን ይወጣል። ደጃፉ የሚከፈትበት ቀን በፍርዱ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ይታወቃል። ያን ሁሉ ዓመት ሰውየውን በእጃችን ይዘን ሙያ ካላስተማርነው፥ ቍጣውን የሚገዛበትን መንገድ ካላሳየነው፥ በሚወጣበትም ዕለት ለተበዳዩ ሳናስታውቅ ከለቀቅነው፥ ከዚያ በኋላ የምናሰማው ጩኸት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዱላ በወደቀ ጊዜ ሽማግሌው አይሸፍን፤ ፖሊሱ ይመዝግብ፤ ዳኛው ከቍጥር ይልቅ አደጋውን ይመዝን፤ የወኅኒው ሹምም የሚለቀው ሰው ከማን ጎረቤት እንደሚኖር ያስብ። ይህን ሳናደርግ በሦስተኛው ላይ ብቻ ብናመርር፥ ለበደለኛው ጨክነን ለአራተኛው ሰው ግን ምንም አላደረግንለትም።