ዘር የሚሆን ባሕር

ገበሬ ለዘር ብሎ ለይቶ ያስቀመጠውን እህል ልጆቹ በራባቸው ጊዜ ያስፈጨው ወይስ ይተወው? ይህ ጥያቄ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ቢያስፈጨው የዛሬው ቀን ያልፋል፤ የሚመጣው መከር ግን ከወዲሁ ተበላ ማለት ነው። ቢተወው ደግሞ መከሩን ሳያይ የሚሞት ልጅ ሊኖር ይችላል። በዚህ ነገር ላይ መፍረድ ለጠገበ ሰው እጅግ ቀላል ስለሆነ፣ ፈራጁ ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ይኸው ጥያቄ በዘመናችን ከእኛ በጣም በራቀ ውቅያኖስ መካከል በአንድ ድኻ መንግሥት ፊት ቀርቧል፤ በዚያ ዘሩ ባሕር ነው።

ኪሪባቲ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ የተበተኑ 33 ደሴቶች ያሏት አገር ናት። የየብሷ ስፋት 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በሕግ የምታዝበት ባሕር ግን ወደ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሕዝቧ 120 ሺህ ያህል ነው። ባናባ ከሚባለው ደሴት ይወጣ የነበረው የፎስፌት ማዕድን በ1979 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስላለቀ፣ የመንግሥቱ ገቢ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው ቱና የሚባለውን ዓሣ ለሚያጠምዱ የውጭ አገር መርከቦች ከሚሸጠው ፈቃድ ነው።

ይህች አገር በ2006 በፕሬዚዳንት አኖቴ ቶንግ ዘመን፣ የፊኒክስ ደሴቶች በሚባሉት ስምንት ደሴቶች ዙሪያ ያለውን ባሕር ለመከለል መቍረጧን ለዓለም አስታወቀች። በ2008 ክልሉ በሕግ ጸና፤ ስፋቱም 408,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ይህም ከኢትዮጵያ ምድር ሢሶውን ይበልጣል። በ2010 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ጭብጨባው ብዙ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ ለአጥማጆች ፈጽሞ የተዘጋው ክፍል ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነበር፤ በቀረው ውስጥ መርከቦቹ እንደ ልማዳቸው መረባቸውን ይጥሉ ነበር። ሥራው ሳይፈጸም ስሙ የተመሰገነ ክልል ነበር። ብዙ ወቀሳ ከተሰማ በኋላ ጥር 1 ቀን 2015 ባሕሩ በሙሉ ለንግድ ዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 2021፣ የፕሬዚዳንት ታኔቲ ማማው መንግሥት እገዳውን እንደሚያነሣ አስታወቀ።

የመንግሥቱ ምክንያት በአጭሩ ይህ ነበር፤ ባሕሩን በመዝጋት የቀረብን ገቢ ከጥበቃው ካገኘነው ጥቅም ይበልጣል። አንዳንዶች ኪሪባቲ በ2019 ከቻይና ጋር ግንኙነቷን ስላደሰች የነገሩ ምሥጢር ከዚያ ነው ብለው ጽፈዋል፤ መንግሥቱም አስተባብሏል። እኔ በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልሻም፤ የገዢው ማንነት ቢታወቅ የሻጩ ችግር አይለወጥምና።

የገቢው ነገር ግን ሊመረመር ይገባዋል። ቱና ተጓዥ ዓሣ ነው፤ በካርታ ላይ የተሰመረ መስመር አይገታውም። ፈቃዱም የሚሸጠው በቀን ስለሆነ፣ ከክልሉ የተከለከለው መርከብ በቀረው የኪሪባቲ ባሕር ውስጥ ሊያጠምድ ይችላል። እንዲያውም ባሕሩ በተዘጋበት በ2015 የፈቃድ ገቢው ጨምሮ ነበር፤ ይህም የሆነው ክልሉ በመዘጋቱ ሳይሆን ኤል ኒኞ ቱናውን ወደ ምሥራቅ ስለ ነዳው ነው። እንግዲህ ጠፋ የተባለውን ገቢ ከነፋስና ከሙቀት ለይቶ መቍጠር አስቸጋሪ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ቱናው ተጓዥ ከሆነ መዝጋቱ ምን ጠቀመ የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል።

መልሱ ከቱናው ይልቅ በደሴቶቹ ዳር ይገኛል። በ2002 እና በ2003 የባሕሩ ውሃ ከልክ በላይ ስለ ሞቀ፣ በካንቶን ደሴት ሐይቅ ውስጥ የነበረው ኮራል፣ ማለት ድንጋይ መስሎ የሚያድገው ሕያው ፍጥረት፣ አብዛኛው ነጥቶ ሞተ። በሌሎች ባሕሮች እንዲህ ያለ ጥፋት ከደረሰ በኋላ የባሕር አረም ድንጋዩን ይሸፍነውና ኮራሉ መልሶ እንዳይበቅል ያግደዋል። በፊኒክስ ግን አረሙን የሚግጡ ዓሦች ስላልተመናመኑ ኮራሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ በቀለ። ሊቃውንቱን ያስደነቀው ይህ ነው። እንዲህ ያለው ሥፍራ በውነቱ ዘር ነው፤ ሌላው ሲጠፋ ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚታወቅበት፣ ምናልባትም መልሶ የሚዘራበት። የባሕሩን ውሃ ያሞቀው ጢስ ከኪሪባቲ ሰዎች ምድጃ አለመውጣቱንም ማስታወስ ያሻል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ዋጋው ሲወደድ የሚከፈት ክልል ከመጀመሪያውም ጎተራ ነበር እንጂ ዘር አልነበረም፤ ጎተራን መክፈት ደግሞ ነውር የለበትም። ፊኒክስን ግን ኪሪባቲ ራሷ ዘር ብላ ለይታው ነበርና፣ መክፈቷን ትክክል ነው ልል አልችልም። ያልተወለዱት የኪሪባቲ ልጆች በምክር ቤቱ ወንበር አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ይህን ፍርድ ከኒው ዮርክ ወይም ከለንደን ተቀምጦ የሚሰጥ ሰው ንግግሩ «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው ይሆናል። ሲጀመር የታሰበው ለጋሶች በሚያዋጡት ገንዘብ ቋሚ ጥሪት ተቋቁሞ፣ የሚቀረው የፈቃድ ገቢ ከትርፉ እንዲካስ ነበር። ጥሪቱ ተቋቋመ፤ የተዋጣው ግን ከታሰበው በጣም ያነሰ ሆነ። ጎረቤት ጎተራው ሞልቶ ሳለ የዘር እህሏን ያስፈጨችውን እናት መውቀስ እንዴት ይቻላል? ቢወቀስ ጎረቤቱ ቢቀድም ይሻላል።

ጎረቤቱ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ባሕር የሌለን እኛ ራሳችንን ነጻ ልናወጣ አንችልም። በዓለም ከሚጠመደው ቱና ከግማሽ የሚበልጠው የሚገኘው ከምዕራብና ከመካከለኛው ሰላማዊ ውቅያኖስ ነው፤ በአዲስ አበባ ሱቅ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ሳያውቀው የዚህ ክርክር ተካፋይ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በ2010 በብራዚሊያ ተሰብስቦ የፊኒክስን ባሕር በዓለም ቅርስነት ከመዘገበው ኮሚቴ 21 አባል አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መዝገቡ ለባሕሩ ክብር ሰጠው፤ የሚጎድለውን የፈቃድ ገቢ የሚሞላ ገንዘብ ግን ከመዝገቡ ጋር አልመጣም።